በአሥራ ሁለት ሰዓት የመጡት ሽማግሌዎች

ዴንቨር ስገባ የማውቀው ሰው አንድ ብቻ ነበር። ማጋነኔ አይደለም፤ በዚያ ሁሉ ሰፊ አገር ስሜን አጥርታ የምትጠራ አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት። ከእኔ በፊት በሱዳን በኩል ወጥታ፣ ካርቱም ዓመታት ቆይታ፣ ዴንቨር ስትደርስ እንደ ቀደሙት ስደተኞቻችን ሁሉ መጀመሪያ ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር ተከራይታ፣ ኋላ ከተማው ዳር ወዳለው አውሮራ የተሻገረች ናት። ዲቪ ደርሶኝ ስነሳ «የት ነው የምታርፊው?» ላለኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ የእሷን አድራሻ ነበር። በቃሌ ይዤዋለሁ። አውሮፕላኑ ውስጥ ሳይቀር ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ እደጋግመው ነበር።

አዲሱ ኤርፖርት ከተከፈተ ብዙም አልቆየም። ጓደኛዬ መውጫው ላይ የጠበቀችኝ ትልቅ የወንድ ካፖርት ክንዷ ላይ አንጠልጥላ ነው። ልስማት ስጠጋ ካፖርቱን ደረቴ ላይ ለጠፈችው።

«መጀመሪያ ልበሺ፤ ሰላምታው ይደርሳል» አለችኝ።

የእሷ ደግነት እንዲህ ነው፤ ትእዛዝ ይመስላል። መኝታ ቤቱ አንድ፣ አልጋውም አንድ ነበር። አልጋውን ለእኔ ሰጥታ እሷ ሳሎን ሶፋ ላይ ተኛች። ለጥቂት ቀን መስሎኝ ዝም አልኩ፤ ነገሩ ሲቆይ ግን ተጣላኋት። እኔ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ። ሰው ደግ ሲሆንልኝ ደግሞ ይብስብኛል፤ የማመሰግንበት ቃል ሲጠፋኝ እጮሃለሁ። «ተነሺልኝ፣ ሶፋው የእኔ ነው!» ብዬ ትራሷን ስወረውር፣ «ሶፋው እኔን ነው የለመደው፤ አንቺን ይጥልሻል» ትልና ትራሷን አንስታ ተመልሳ ትተኛለች። ክረምቱ በሙሉ በዚህ ጭቅጭቅ አለፈ። በኮልፋክስ ጎዳና አውቶቡስ መሄድን ያስተማረችኝ፣ የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ሥራ ያስገባችኝ፣ መጀመሪያ በረዶ የጣለ ቀን ካልሲዬ ላይ ፌስታል አልብሳ ያስወጣችኝ እሷ ናት። አንድ ነገር ብቻ አትችልበትም፤ መዋሸት። ስትዋሽ ድምጿ ከፍ ይላል፤ ሳያስቃትም ትስቃለች።

አገር ቤት ትቼ የመጣሁት የታመመች እናት ነው። የልብ ሕመም አለባት። ትንሽ ስትራመድ ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ ግድግዳ ይዛ ትቆማለች፣ «ደህና ነኝ፣ እያየሁ ነው እንጂ» ትላለች፤ ምን እንደምታይ ግን አትነግረንም። አባቴ ደግሞ ጤነኛ ነበር። ስሸኝ ትልቁን ሻንጣዬን በትከሻው ተሸክሞ ታክሲው ድረስ ያደረሰው እሱ ነው። ከቤት ስወጣ ልቤ የያዘው ፍርሃት አንድ ነው፤ እናቴ እኔ በሌለሁበት ትሞታለች የሚል። ከዚያም አልፎ እንዴት እንደሚነገረኝ አስብ ነበር። ባዕድ አገር፣ ባዕድ ቤት ውስጥ፣ ማን መጥቶ ምን ብሎ እንደሚነግረኝ።

ምክንያቱም እኛ ሞትን በስልክ አንነግርም። አውሮራ ከገባሁ ብዙም ሳይቆይ አንድ የሰፈራችን ሰው ወንድሙ አገር ቤት ሞተበትና መርዶ ነጋሪዎቹን አጅቤ ሄጄ ነበር። ለሥራ ሳይወጣ ልንደርስበት ሌሊቱ ሳይነጋ ተነሳን። መኪኖቹን ከሕንጻው ጀርባ ፓርክ አድርገን፣ መብራት አጥፍተን፣ በብርድ እየተንቀጠቀጥን ጎሕ እስኪቀድ ጠበቅን። ሰውየው ሳምንቱን ሁሉ ያየውን ጉድ የነገረኝ ኋላ ነው። አብረውት የሚኖሩት ልጆች እሱ ሲገባ ስልክ ይዘጉ ነበር። ያለወትሮው «ብላ፣ ብላ» ይሉት ነበር። በሩን ከፍቶ ነጠላ ያጣፉትን ሽማግሌዎች ሲያይ ማንም አፉን ሳይከፍት ጮኸ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በማለዳ የሚንኳኳ በር እጠላለሁ።

እሑድ እሑድ የስልክ ካርድ ገዝቼ እደውላለሁ። የምታነሳው እናቴ ናት። የምትለውን ሳይሆን ትንፋሿን ነው የማዳምጠው፤ በሁለት ቃል መሐል ስንት ጊዜ እንደምታርፍ። የዚያን ሰሞን ብዙ ታርፍ ነበር። «አባዬስ?» ስላት፣ «አባትሽማ ለቅሶ ሄዷል» ትለኛለች። በሌላው እሑድ «ዕድር አለበት፣ አሁን ወጣ።» በሌላው ደግሞ እንደገና ለቅሶ። አባቴ ስልክ አይወድም፤ ሲያገኝም «ደህና ነሽ? በርቺ!» ብሎ ጮኾ ለእናቴ ይመልስላታል። ስለ እሱ ምን አስጨነቀኝ! ሰላም በይልኝ ብዬ ወደ ትንፋሿ እመለሳለሁ።

ከዚያ በጸደዩ መጨረሻ ላይ ጓደኛዬ ጠባይዋ ተለወጠ። ከሥራ ስገባ ስልክ ይዛ ታንሾካሹካለች፤ ስታየኝ ድምጿ ከፍ ይልና «እሺ፣ ባይ ባይ!» ብላ ትዘጋለች። ማን ነው ስላት፣ «ሮንግ ነምበር ነው፤ ተሳስቶ የደወለ» አለችኝ። ለሮንግ ነምበር በአማርኛ እሺ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ቤቱን ከዳር እስከ ዳር አጸዳችው። መጋረጃ አጠበች። ከሥጋ ቤት ሙሉ ከረጢት ይዛ መጣችና ፍሪጅ ውስጥ ከተተችው። ሳህኔ ላይ ጨምራ ጨምራ፣ «ብዪ እንጂ፣ ከስተሻል» ትለኛለች። አንድ ቀን ጠዋት ፀጉሬን ሳበጥር በመስታወቱ ውስጥ አየኋት፤ ከጀርባዬ ቆማ ታየኛለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«ምንም። ብቻሽን መምጣትሽን ሳስብ...» አለችና ዞረች። ቆየት ብላም፣ «እናትሽ ደህና ናቸው አይደል? ካወራሻቸው ቆየሽ?» አለችኝ።

 ስለ እናቴ እንዲህ ባለ ድምፅ ጠይቃኝ አታውቅም። «ምን ደብቀሽኛል? እናቴ ምን ሆናለች?» አልኳት እጇን ይዤ።

«ምን እደብቅሻለሁ? አበድሽ እንዴ!» አለችና ሳቀች፤ ያን የማያስቀውን ሳቅ።

በማግስቱ እሑድ ባይሆንም ደወልኩ። እናቴ አነሳች። እፎይ ብዬ ስልኩን ስዘጋ፣ እኔም በራሴ ሳቅሁ። ግን ከዚያ በኋላ ደግሞ ቀናት አለፉ። ደካማ ልብ ያለው ሰው ስልክ አንስቶ በነጋታው ሊሞት ይችላል። ጓደኛዬም ማንሾካሾኳን አላቆመችም፤ እንዲያውም ባሰባት። ስለዚህ የዚያን ቅዳሜ ጠዋት የተኛሁት እንቅልፍ እንቅልፍ አልነበረም።

ቅዳሜ የጠዋት ሽፍት ነበረኝ። ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ ጓደኛዬን ላለመቀስቀስ ጫማዬን በእጄ ይዤ ሳሎን ስገባ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ማለዳ ነው፤ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ስድስት። በመስኮት በኩል በምሥራቅ ሰማዩ መገርጣት ጀምሯል። ጸደይ ነው ቢባልም ሌሊቱን በረዶ ጥሎ ነበር። በሩ ተንኳኳ። ቀስ ብሎ፣ ሦስት ጊዜ።

በበሩ ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ። ሦስት ሽማግሌዎች። ሦስቱም ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል፤ ከላይ ነጠላ አጣፍተዋል። መሐል የቆሙት በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው፣ ሌክውድ የሚኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ከሌክውድ አውሮራ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ በረዶ፣ በዚያ ሰዓት። ጫማዬ ከእጄ ወደቀ።

ጓደኛዬ በጫማው ድምፅ ባነነች። በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላስታውስም፤ የማስታውሰው እሷ ከሶፋው ዘላ ብርድ ልብሷን ትከሻዋ ላይ እንደጠቀለለች ሰዎቹን ስታይ ነው። ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች።

«ወይኔ ጉዴ! አባባ፣ አሁን እኮ አይደለም! እሷ እኮ እቤት ናት! ገና ምንም አልሰማችም!»

ገና ምንም አልሰማችም። ይህን በጆሮዬ ሰማሁ።  ሰዎቹም ግራ ተጋብተው እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጓደኛዬ ብርድ ልብሷን እየሰበሰበች ተቀመጡ አለቻቸው። አንቀመጥም አሉ፤ «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም።» ትልቁ ሰውዬ ኮፍያቸውን አውልቀው አማተቡ፤ ጸሎት አደረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ወለሉ እያዩ ጀመሩ።

«ልጆቼ፣ ዛሬ ይዘን የመጣነው ነገር አዲስ ነገር አይደለም። ከአዳም ጀምሮ የነበረ የእግዚአብሔር ሥርዓት ነው። ሰው ሆኖ ለተፈጠረ ሁሉ የማይቀር...»

አላስጨረስኳቸውም።

የጮኽኩት ጩኸት ከእኔ የወጣ አይመስለኝም። ወለሉ ላይ ወደቅሁ። ደረቴን መታሁ፤ የዩኒፎርሜን ቁልፎች በጠስኳቸው። «እማዬ! እማዬን! ሳላይሽ! ሳልቀብርሽ!» እላለሁ። ከታች ያለው ሽማግሌ ነጭ ጎረቤታችን ጣሪያውን በእንጨት መደብደብ ጀመረ። ጓደኛዬ በሌሊት ልብሷ ላዬ ላይ ወድቃ ትይዘኛለች፣ እኔ እገፈትራታለሁ።

«ማንም አልሞተም! እመብርሃንን፣ ማንም አልሞተም!»

«ውሸታም! ሳምንቱን ሙሉ ስታበይኝ! ሥጋ ስትገዢ!»

«ለድግሱ ነው የገዛሁት! ሰዎቹ የመጡት ላንቺ ነው፣ ሊጠይቁሽ ነው! ለጋብቻ!»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ቀጭኑ ሰውዬ፣ በሐዘን ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ልጁን ይህን ያህል የምትጠላው ከሆነ፣ ምነው ቀደም ብላችሁ ብትነግሩን?» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ካፒቶል ሂል የሚኖር፣ ፓርኪንግ የሚሠራ አንድ ሰው አለ። በክረምቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን በመኪናው አድርሶኛል፤ እኔ ብርዱን ስራገም እሱ ዝም ብሎ ይነዳ ነበር። ጓደኛዬ ዘንድ ሄዶ «እዚህ ቤተሰቧ አንቺ ነሽ፤ ሽማግሌ ልልክ የምችለው ወዳንቺ ነው» አላት። ይህ ቃል ልቧን ነካው። የእኔ ቤተሰብ ተብላ ሽማግሌ ሲላክባት! ማንሾካሾኩ፣ መጋረጃው፣ ሥጋው፣ በመስታወት ያየሁት እንባ፣ ስለ እናቴ ጤና መጠየቋ፣ ሁሉም ለዚህ ነበር። በወጉ ልጅቷ በሌለችበት ይጠየቃል ብላ እኔ ሥራ የምሆንበትን ቅዳሜን መረጠች። ሰዓቱን በስልክ ስትነግራቸው «አሥራ ሁለት ሰዓት» አለች። አሜሪካ ስትኖር ሰዓቷ ተለውጧል፤ እሷ ያለችው ቀትር ነው። የሌክውዱ ሰውዬ ግን የእጅ ሰዓታቸውን እንጂ አቆጣጠራቸውን አልለወጡም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲባሉ ማለዳ ነው የመሰላቸው። እንዲያውም ደስ አላቸው፤ ሽምግልና በማለዳ ነው፣ ይህች ልጅ ወግ ታውቃለች ብለው በመንገድ ሁሉ ሲያመሰግኗት ነበር የመጡት። ልጁን ኋላም አላገባሁትም፤ እሱም አልተቀየመኝም።

ይህን ሁሉ ግን ያኔ ወለሉ ላይ ሆኜ አላምንም። እንዴት ልመን? ማንም አልሞተም የሚለው ቃል ሰው ሲሞት የሚባል ቃል ነው። ይህን እየጮኽኩ ሳለሁ ፖሊሶች መጡ፤ ጎረቤታችን ደውሎ ኖሯል። ሁለት ናቸው። በሩ ክፍት ስለነበር ዝም ብለው ገቡ። ያዩት ወለል ላይ የምትንፈራገጥ ሴት፣ በሌሊት ልብስ የምታለቅስ ሌላ ሴት፣ ነጠላ ያጣፉ ሦስት ሽማግሌዎች ነው። አንደኛው እጁን ቀበቶው ላይ አደረገ።

«ማነው የሞተው?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀ።

«ማንም» አለች ጓደኛዬ።

«ታዲያ እነዚህ ሰዎች ምን ይፈልጋሉ?»

ጓደኛዬ ሽምግልናን በእንግሊዝኛ የምትለው አጣች። እጇን ወደ እኔ ዘርግታ፣ «ሊያገቧት ነው የመጡት» አለችው።

ፖሊሱ ሦስቱን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አያቸው። «የትኛው?» አለ።

በሌላ ቀን ቢሆን እስክንፈርስ በሳቅንበት። የዚያን ጠዋት ግን ማንም አልሳቀም። እኔ ተነስቼ ስልኩን ያዝኩ። «ደውይልኝ» አልኳት። «አሁኑኑ። ድምጿን ካልሰማሁ ማንንም አላምንም።» የካርዱን ቁጥር የመታችው እሷ ናት። ትልቁ ሰውዬ ኮፍያቸውን ሆዳቸው ላይ ይዘው ቆሙ። ፖሊሶቹም ሳይወጡ በሩ ላይ ቆሙ። አገር ቤት ከሰዓት በኋላ ነበር። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። ሰው ከሌለ ለቅሶ ቤት ናቸው፤ ሰው ካለ ደግሞ ጎረቤት ይሆናል የሚያነሳው፤ «እናትሽ ተኝታለች» ይሉኛል፤ ይህን ሁሉ በልቤ አዘጋጀሁ።

«ሃሎ» አለች እናቴ።

እናቴ። እናቴ ራሷ። ያ የሚቆራረጠው ትንፋሽ፣ ሌላ የማንም ሊሆን የማይችለው።  ደስታ ነው፣ ድንጋጤ ነው፣ የቆየው ፍርሃት ነው፣ ተደባልቆ ገነፈለ። በስልኩ ውስጥ አለቀስኩ። እንደ ሕፃን «እማዬ፣ እማዬ» ብቻ እላለሁ። ጓደኛዬ ፊቷ በራ፤ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ «አሉ፣ አሉ፣ እናቷ ደህና ናቸው» አለች።

 እናቴ ግን አላጽናናችኝም፤ ምን ሆነሻልም አላለችኝም። ረጅም ትንፋሽ ወሰደች።

«ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

አልገባኝም። «ምኑን?» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ግን ማልቀሴ አላቆመም። እሷ ቀጠለች።

«ማን ነው የነገረሽ፣ ልጄ? እኔ እኮ እንዳይነግሯት ብዬ ነበር። ብቻዋን ናት፣ ማን ይይዛታል ብዬ ነው። ጓደኛሽም እንዳንቺው ልጅ ናት። ትልቅ ሰው ፈልገን፣ አርባው ከወጣ በኋላ በወጉ እናስነግራለን ተባብለን... አርባውም አለፈ፤ ሰው አጣን።» ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። «አልተሰቃየም አባትሽ። በጾሙ ነው። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። አልተሰቃየም።»

አባቴ። ስለ እሱ አንድ ቀን እንኳ አልፈራሁም። ሻንጣዬን በትከሻው ያደረሰው ሰው አፈር ከገባ፣ አርባው ከወጣ በኋላ እኔ እሑድ እሑድ ሰላም በይልኝ እል ነበር። «ለቅሶ ሄዷል» ስትለኝ ጥቁር ለብሳ ነበር። እኔ የልቧ ሕመም መስሎኝ የቆጠርኩት ማረፍ ሁሉ ለካ እንባዋን የምትውጥበት ነበር። የታመመችው፣ ትሞታለች ብዬ የፈራሁላት እሷ፣ የባሏን ሞት ብቻዋን ይዛ እኔን በስልክ ታስቀኝ ነበር። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አሰብኩት ማለቴ አይደለም። ያኔ የቆምኩት ደንዝዤ ነው። እንባዬ እዚያው ቆመ።

«ልጄ» አለች እናቴ። «ሰው አጠገብሽ አለ?»

ዞር ብዬ አየሁ። ሳሎኑ ሞልቷል። «አለ» አልኳት።

«ትልቅ ሰው?»

«አለ።»

«ተመስገን። ስጪኝ።»

ስልኩን ለሌክውዱ ሰውዬ ሰጠኋቸው። ምን እንደሰማሁ አልነገርኳቸውም፤ ፊቴን ብቻ አይተው ኮፍያቸውን ሶፋው ላይ አስቀመጡ። ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉ፤ «የዚያን ደግ ነፍስ ይማር።»  እናቴ እርስዎ ማን ነዎት ብላ ጠይቃቸው ኖሮ፣ ዓይናቸውን ወደ እኔ፣ ወደ ሁለቱ ጓደኞቻቸው፣ ወደ ጥቁር ሱፋቸው አደረጉ። የመጡበትን ሊነግሯት አይችሉም፤ ሊዋሿትም አልፈለጉም።

«የልጅዎ ሰዎች ነን» አሏት።

ስልኩን ሲያስቀምጡ ወደ እኔ መጥተው ሁለት እጄን ያዙ። አሁን ሁሉንም በወጉ አደረጉት። ቀጭኑ ሰውዬ በቀኜ፣ ሦስተኛው በግራዬ ቆሙ። «ልጄ» አሉ፣ «አባትሽ ዐርፈዋል።» አውቄዋለሁ፤ ግን መባል ነበረበት። እኔም መጮህ ነበረብኝ፤ ሁሉም ይጠብቀኝ ነበር። አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣም። ሞክሬ ነበር። የአባቴን ጩኸት ቅድም በሕይወት ባለችው እናቴ ላይ ጨርሼዋለሁ። ያን ያህል የወደድኩት አባቴ ሲነገረኝ ቆሜ ግድግዳ አየሁ፤ በዚህ ደግሞ ከሁሉ በላይ ደነገጥኩ።

የጮኸችው ጓደኛዬ ናት። አባቴን አታውቀውም፤ ምናልባት የትምህርት ቤት በር ላይ አንድ ሁለት ጊዜ አይታው ይሆናል። ብርድ ልብሷ ከትከሻዋ ወደቀ። «አባዬ! አባዬ!» ብላ ፊቷን ስትነጭ ትልቁ ሰውዬ እንኳ ደነገጡ። ጎረቤታችን እንደገና ጣሪያውን መታ። ከፖሊሶቹ አንዱ ሳይጠየቅ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ታች ወረደ፤ ምን እንዳለው አላውቅም፣ ድብደባው ግን ቆመ።

እያየኋት ነው የገባኝ። የምታለቅሰው የእኔን አባት ብቻ አልነበረም። የእሷ አባት የሞተው እሷ ካርቱም እያለች ነው። ከአንድ ሱቅ ስልክ ደውላ፣ ሱቅ የሞላው ሰው እያያት፣ ከማታውቀው ጎረቤት አፍ ነው የሰማችው። ሒሳቡን ከፍላ ወጥታ ወደ ሥራዋ ሄደች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረችኝ፤ እሱንም ሳህን እያጠበች፣ የሌላ ሰው ወሬ አስመስላ። በዚያ ሱቅ ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ «ሰው አጠገብሽ አለ?» ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

ሽማግሌዎቹን አልፌ ሄድኩና ያዝኳት። እሷ በጣም ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ብርድ ልብሱን ከወለሉ አንስቼ አለበስኳት።